ድምፁ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይያዝም

በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ከወጥ ቤትም ከልጅ አስተዳደግም የራቀ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ስለ ሽቦ፣ ስለ ስፒከርና ስለ ቴሌቪዥን ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ ለመሆኑ ታሪኩን ከሰማችሁ በኋላ እናንተው ትፈርዳላችሁ።

በምኖርበት የጋራ መኖሪያ ቤት ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የምትኖር አንዲት ጎረቤት አለችኝ። ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸው እናቷ አብረዋት ይኖራሉ። እማማ ቀድሞ ማታ ማታ ከልጅ ልጆቻቸው መካከል ተቀምጠው ተከታታይ ድራማ ማየት የሚወዱ ሴት ነበሩ። ከጊዜ በኋላ ግን ገና ድራማው ሲጀመር ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ወጥ ቤት መሄድ ጀመሩ። ሳሎን ውስጥ አንድ ነገር ሲጠየቁ ሌላ ይመልሳሉ። ልጆቹ ይሥቃሉ። እሳቸውም ሥቀው ዝም ይላሉ። አንድ ቀን ጎረቤቴ በር ላይ አቁማኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እናቴ እየዘነጋች ነው መሰለኝ፤ ምን ላድርግ?» አለችኝ።

በማግሥቱ ቡና ልጠጣ ወጣሁ። እማማን ወጥ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጬ ስለ በርበሬ ዋጋ፣ ስለ ዘመድ ሠርግ፣ ስለ ድሮው ሰፈራቸው ጠየቅኋቸው። ሁሉንም በትክክል መለሱልኝ። እንዲያውም እኔ የዘነጋሁትን አስታወሱኝ። ከዚያ ስለ ቴሌቪዥኑ አነሣሁባቸው። «ልጄ፣ ድምፁን እሰማለሁ፤ ቃሉን ግን አልይዘውም። ሲቀንሱት የዝንብ ድምፅ ይመስላል፤ ሲጨምሩት ደግሞ ጆሮዬን ያመኛል» አሉኝ።

ይህን አነጋገር ብዙዎቻችን ከወላጆቻችን ሰምተነዋል፤ ሆኖም ልብ አላልነውም። ዕድሜ ሲገፋ የሰው ጆሮ በመጀመሪያ የሚደክመው ቀጫጭኖቹን ድምፆች በመስማት ነው። አናባቢው ወፍራም ስለሆነ ይሰማል፤ ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ጸ፣ ቸ የመሳሰሉት ተነባቢዎች ግን ቀጫጭን በመሆናቸው ይጠፋሉ። ቃልን ከቃል የሚለዩት ደግሞ በአብዛኛው እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ ሰውየው መናገሩ ይታወቃል፤ ያለው ግን አይታወቅም። ፊት ለፊት ሲነጋገሩ ከንፈርን ማየት ይረዳል፤ በቴሌቪዥን ግን ሙዚቃውና ንግግሩ ተደባልቀው ስለሚመጡ ችግሩ ይብሳል። ሐሳባቸው የደከመ የሚመስሉን ብዙ አዛውንቶች የደከመው ጆሯቸው ነው። ስለዚህም ጎረቤቴን በቅድሚያ የመከርኳት እናቷን ወደ ጆሮ ሐኪም እንድትወስድ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ የተጠራቀመ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛልና። የእማማ ግን ኩክ አልነበረም፤ የዕድሜ ድካም ነበር።

ሁለተኛው ጥፋተኛ ቴሌቪዥኑ ራሱ ነበር። የዱሮው ሆዳም ቴሌቪዥን ቦታ ስለነበረው ስፒከሩ ብዙውን ጊዜ ፊት ለፊት ይመለከት ነበር። የዛሬው ቀጭን ቴሌቪዥን ግን ሥዕሉ እንዲሰፋ ሲባል ስፒከሮቹ ትንንሽ ሆነው ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ዞረዋል። ድምፁ ግድግዳና ቡፌ ተላትሞ ነው ወደ እኛ የሚደርሰው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ሲሚንቶ በሆነ ሳሎን ውስጥ ደግሞ ያው ድምፅ ደጋግሞ ያስተጋባል። ለጤነኛ ጆሮም ቢሆን አድካሚ ነው።

ነገሩ በዚህ ላይ እንዳለ ጎረቤቴ፣ «ወንድሜ ከአሜሪካ የላከው የድምፅ ዕቃ ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ነው» አለችኝ። ከሰባት ወር በፊት የመጣ ነው። ባለቤቷ የመስክ ሠራተኛ በመሆኑ እስኪመለስ ድረስ ይጠብቅ ተብሎ አልጋ ሥር ገብቷል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ሽቦ የወንድ ሥራ ነው» አለች። ይህች ሴት የልብስ ስፌት መኪናዋን ራሷ ፈትታ ዘይት አጠጥታ የምትገጥም፣ የጋዝ ምድጃዋን ቱቦ ራሷ የምትቀይር ናት። ይህን የምጽፈው ባሏን ለመውቀስ አይደለም። እቤታችን ካርቶን ውስጥ የተኛ ነገር ስንት እንደሆነ አንባቢዎቼ በየራሳችሁ አስቡት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሷ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጇና እኔ ሆነን ዕቃውን አወጣነው። እዚህ ላይ ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። እኛ የሳተላይቱን ሳጥን «ሪሲቨር» እንለዋለን። ፈረንጆቹ ደግሞ ይህንንም ዕቃ ያንኑ ስም ሰጥተውታል። እንዳይምታታ እኔ «ድምፅ አደራጅ» እለዋለሁ። ሥራውም እንደዚያው ነው። ከተለያዩ ዕቃዎች የሚመጣውን ድምፅ ይቀበላል፤ የትኛው ድምፅ ከየትኛው ስፒከር፣ በምን ያህል ኃይል፣ በምን ያህል መዘግየት መውጣት እንዳለበት አስልቶ ያካፍላል።

ማንኛውም ሽቦ ከመሰካቱ በፊት የዕቃው ጀርባ ይነበብ። ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ የእኛ ግን 220 ቮልት ነው። ከዚያ ለገበያው የተሠራ ዕቃ በቀጥታ እዚህ ሶኬት ላይ ቢሰካ በአንድ አፍታ ይቃጠላል። አንድ ዘመዴ ቤት እንዲህ ሆኖ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ሳምንት ሙሉ ሳይለቅ ቆይቷል። ስለዚህ ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ትራንስፎርመሩም ከዕቃው በላይ አቅም ያለው ይሁን። ጀርባው ላይ 400 ዋት ተጽፎ ከሆነ 750 ወይም 1000 ዋት የሚችለውን መግዛት ይበጃል። ደግሞም ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ አይለውጥም። እዚያ 60፣ እዚህ 50 ኸርዝ ነው። ጀርባው ላይ 60 ብቻ የተጻፈበት ዕቃ እዚህ ሲሠራ ከልክ በላይ ሊሞቅ ስለሚችል ባለሙያ መጠየቅ ያስፈልጋል። የጎረቤቴ ዕቃ 50ም 60ም የተጻፈበት ስለነበር ከዚህ አሳብ ዳንን። ትራንስፎርመሩን ከነስታብላይዘሩ ገዛን።

አሁን ወደ ገመዱ እንምጣ። ዋናው ገመድ ኤችዲኤምአይ ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ሰባት የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያዎች ተስማምተው ያወጡት አሠራር ሲሆን፣ ቀድሞ ለሥዕል አንድ፣ ለድምፅ ሁለት ወይም ሦስት ገመድ ይጠይቅ የነበረውን በአንድ ገመድ ጠቅልሎታል። አፉ ውስጥ 19 የመገናኛ ነጥቦች አሉት። ስለዚህ ወደ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይገባል እንጂ ተጣሞ ወይም ተገልብጦ አይገፋም። በ2009 ደግሞ አንድ ጠቃሚ ነገር ተጨመረበት። ይኸውም ያው ገመድ ድምፅን ከቴሌቪዥኑ ወደ ድምፅ አደራጁ መልሶ እንዲልክ ነው። ይህን የሚያደርገው ቀዳዳ ኤ፣ አር፣ ሲ የሚሉ ሦስት የፈረንጅ ፊደላት ተጽፈውበታል። በ2017 የወጣው የተሻሻለው ዓይነት ከፊታቸው ትንሽ «ኢ» አለበት፤ ብዙ ድምፅ ሳይጨመቅ ያሳልፋል።

የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። ሁሉንም ገጥመን ቴሌቪዥኑን ብንከፍተው ሥዕል አለ፤ ከአዲሶቹ ስፒከሮች ግን አንድም ድምፅ የለም። ጎረቤቴ፣ «አልኩሽ እኮ!» ብላ ተቀመጠች። ልጅቷ ግን ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጋ በስልኳ መብራት ጀርባውን ስታይ ገመዱን የሰካነው በአንደኛው ቀዳዳ ሲሆን ሦስቱ ፊደላት ያሉት በሁለተኛው ላይ ሆኖ አገኘችው። ቀዳዳዎቹ በመልክ አንድ ናቸው፤ ድምፅ የሚመልሰው ግን ብዙውን ጊዜ አንዱ ብቻ ነው። እሱን ቀየርን። አሁንም ዝም! ቀጥሎ የታወቀው ምክንያት ዕቃዎቹ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ የሚፈቅደው፣ ሲኢሲ የሚባለው ትእዛዝ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ተዘግቶ መገኘቱ ነበር። ኩባንያዎቹ ለዚህ ትእዛዝ እያንዳንዳቸው የተለያየ ስም ስለሚያወጡለት ማግኘቱ አድካሚ ነው፤ በዚህስ አልራራላቸውም። እሱ ከተከፈተ በኋላ የቴሌቪዥኑ ድምፅ በውጭ ስፒከር እንዲወጣ ብናዝ ሳሎኑ ተናገረ። ከዚህ ጋር አንዱ ሪሞት ሁለቱንም መክፈትና መዝጋት ቻለ፤ ለእማማ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ምርጫ ውስጥ «ፒሲኤም» እና «ቢትስትሪም» የሚሉ ሁለት ቃላት ታገኛላችሁ። አትደንግጡ። የመጀመሪያው እህሉን ቴሌቪዥኑ ፈጭቶ ዱቄቱን ይላክ እንደማለት ነው። ሁለተኛው እህሉ በጆንያ እንዳለ ይላክ፤ ድምፅ አደራጁ ራሱ ይፈጨዋል ማለት ነው። አምስት ስፒከር ላለው ቤት በአብዛኛው ሁለተኛው ይሻላል፤ ምክንያቱም በመደበኛው ኤአርሲ በኩል የተፈጨው የሚያልፈው የሁለት ስፒከር ድምፅ ሆኖ ነውና። ድምፅ ከጠፋ ግን ወደ መጀመሪያው መመለስ ነው።

ስለ ገመድ ዋጋ ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። ወርቅ የተቀባ ነው፣ ድምፅ ያጣፍጣል እያሉ በብዙ ብር የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ። ይህ ገመድ የሚያሳልፈው ቁጥር ነው። ካለፈ አለፈ። ካላለፈ ደግሞ ሥዕሉ ላይ ነጠብጣብ ይበተናል ወይም ድምፁ ይቆራረጣል። መካከለኛ ጣዕም የለውም። ረዥም ገመድ ግን ያስቸግራል። አምስት ሜትር እያለፈ በሄደ ቁጥር ተራው ገመድ ከትልልቆቹ ሥዕሎች ጋር አስተማማኝነቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አጭሩን ግዙ፤ የተረፈውን ብር ለምንጣፍ አድርጉት። ምንጣፍ ስል እየቀለድኩ አይደለም። ወለሉ ላይ የተነጠፈ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ማስተጋባቱን ይቀንሳሉ፤ ንግግርም ይበልጥ ይለያል።

ስፒከሮቹን ስንገጥም ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ጋር ማገናኘት ግድ ነው። አንዱ ብቻ ቢገለበጥ ድምፁ ባዶ ይሆናል፤ ንግግሩም ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። የሽቦው ጫፍ ላይ ያለው የመዳብ ፀጉር ተበትኖ ሌላውን እንዳይነካ እንደ ክር ጠምዝዞ ማስገባት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ስታደርጉ ዕቃው ከሶኬት የተነቀለ ይሁን።

ከአምስቱ ስፒከሮች ለእማማ የሚጠቅመው መካከለኛው ነው። በፊልምና በድራማ አብዛኛው ንግግር የሚወጣው ከእሱ ነውና። ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ወደ ተቀማጩ ፊት አቅንቶ ይቀመጣል። ቡፌ ውስጥ አግብቶ ከፊቱ የአበባ ማስቀመጫ መደርደር ሰው እያወራ አፉን እንደ መያዝ ነው። የግራውና የቀኙ ስፒከር ከተቀማጩ ጋር እኩል ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ የኋለኞቹ በጎን ትንሽ ወደ ኋላ ከጆሮ ከፍ ብለው ይቀመጡ።

ርቀታቸውን የለካነው በጎረቤቴ ክርና በልብስ ስፌት ሜትሯ ነው። ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ በአንድ ሜትር የሚርቀው ስፒከር ከቅርቡ ሦስት ሺህኛ ሴኮንድ ያህል ይዘገያል። ድምፅ አደራጁ ርቀቱ ከተነገረው የቅርቡን ያቆየዋል፤ ሁሉም አንድ ጊዜ ጆሮ ይደርሳሉ። ብዙዎቹ ዕቃዎች ይህን ራሳቸው የሚለኩበት ትንሽ ማይክሮፎን አብሯቸው ይመጣል። ማይክሮፎኑ የሚቀመጠው በተቀማጩ ጆሮ ከፍታ ነው። እኛ በርጩማ ላይ መጻሕፍት ደርድረን አስቀመጥነው። ዕቃው ፉጨት የመሰለ ድምፅ እያወጣ መለካት ሲጀምር «ጫጫታ አለ» ብሎ አቆመ። እንደገና ብንሞክር እንደገና አቆመ። ለካስ እማማ ወጥ ቤት ሆነው ቡና እየወቀጡ ነበር! ሙቀጫው እስኪያርፍ ጠብቀን ጨረስን።

መለኪያው ሁሉን ያስተካክላል ብሎ መተው ግን አይገባም። መለኪያው ቤቱን እንጂ የእማማን ጆሮ አያውቅም። ስለዚህ ከጨረሰ በኋላ መካከለኛውን ስፒከር በሦስት ዴሲቤል ከፍ አደረግነው። የኋለኞቹንና የወፍራሙን ድምፅ ስፒከር ዝቅ አደረግናቸው። የምናያቸው የአገራችን ጣቢያዎች በአብዛኛው የሚልኩት የሁለት ስፒከር ድምፅ በመሆኑ መካከለኛው ሥራ ፈትቶ እንዳይቀር በዱሮዎቹ ዕቃዎች «ዶልቢ ፕሮ ሎጂክ»፣ በአዲሶቹ «ዶልቢ ሰራውንድ» የሚባለውን መረጥን። ይህ ከግራና ከቀኝ እኩል የሚመጣውን፣ ማለትም በአብዛኛው ንግግሩን፣ ለይቶ ወደ መካከል ይልከዋል። ማታ ደግሞ «ናይት ሞድ» የሚባለውን ከፈትን። ይህ ሹክሹክታውን ከፍ፣ ፍንዳታውን ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ ሪሞት ይዞ ሲጨምሩ ሲቀንሱ ማምሸት ቀረ።

ወፍራሙን ድምፅ የቀነስነው ለጎረቤትም ብለን ነው። የ40 ኸርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ ብቻ ስምንት ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ስላለው የብሎኬት ግድግዳ አያቆመውም። እኔ ከሥር ነኝና ይህን የምናገረው ለራሴ ጥቅምም ጭምር ነው።

ድምፁ ከተናጋሪው ከንፈር ቀድሞ ቢመጣ ዕቃው ተበላሽቷል አትበሉ። ቴሌቪዥኑ ሥዕሉን ለማሳመር ጊዜ ይወስዳል፤ ድምፁ ግን ቶሎ ይደርሳል። «ሊፕ ሲንክ» በሚለው ቦታ ድምፁን በሺህኛ ሴኮንድ እየቆጠሩ ማዘግየት ይቻላል። ከንፈር አይተው ቃል ለሚያሟሉ እንደ እማማ ላሉ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ዜና አንባቢዋን እያየን ጥቂት በጥቂት ስንጨምር፣ «በቃ፣ እዚህ ላይ!» ያሉት እሳቸው ናቸው።

ስለ ልጆች ጆሮም ሳልናገር ማለፍ አልወድም። አዲስ ድምፅ ሲገባ ልጆች ቤቱን ማንቀጥቀጥ ይፈልጋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ለ40 ሰዓት እስከ 80 ዴሲቤል፣ ለልጆች ደግሞ እስከ 75 ዴሲቤል እንዳይታለፍ ይመክራል። በየሦስት ዴሲቤል ጭማሪ አስተማማኙ ጊዜ በግማሽ ያጥራል። በርከት ያሉት ዕቃዎች የድምፁን ጣሪያ የሚወስን ትእዛዝ ስላላቸው ጎረቤቴ እሱን ዘግታ ለልጆቹ ሳትነግር ትታዋለች።

ሁለት ጥንቃቄዎች ቀርተዋል። የመጀመሪያው ለእኛ ለቤት እመቤቶች የተለየ ነው። ውብ ዳንቴል ሠርተን ያልሸፈንነው ዕቃ የለምና ድምፅ አደራጁንም ልንሸፍነው እንፈልጋለን። ይህ ዕቃ ይሞቃል፤ የሚተነፍሰውም በላዩ ባሉት ቀዳዳዎች ነው። ዳንቴል፣ የፎቶግራፍ ክፈፍ፣ ሌላ ዕቃም አይጫንበት። በዙሪያው አንድ ስንዝር ያህል ባዶ ቦታ ይተውለት። ሁለተኛው የክረምት ነው። መብረቅ ሲያስፈራራ ሶኬቱን መንቀል ብቻ አይበቃም፤ ከጣሪያ የሚወርደው የዲሽ ገመድም ከሳጥኑ ይፈታ፤ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ በእሱ በኩል ገብቶ በኤችዲኤምአዩ ወደ ሌሎቹ ሊተላለፍ ይችላልና።

ይህን ሁሉ ለመግዛት አቅም የሌለን ብዙ ነን። አምስት ስፒከር ግድ አይደለም። ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚጋደም «ሳውንድ ባር» በዚያው በኤአርሲ ቀዳዳ ይሠራል። ስትገዙ ንግግር የሚያጎላ ምርጫ እንዳለው ጠይቁ። እሱም ካልተቻለ በቴሌቪዥኑ ራሱ የድምፅ ምርጫ ውስጥ ንግግር የሚያጎላውን መክፈት፣ ወፍራሙን ድምፅ መቀነስ፣ አዛውንቱንም ከሩቅ ሶፋ አንሥቶ ቅርብ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ያለ ገንዘብ የሚደረግ ነው።

በዚያው ቅዳሜ ማታ ጎረቤቴ ለእራት አስቀረችኝ። ድራማው ሲጀመር እማማ እንደ ልማዳቸው ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። ልጅቷ እጃቸውን ይዛ መካከል አስቀመጠቻቸው። አሥር ደቂቃ ያህል ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና አንዷን ተዋናይ በጣታቸው እያሳዩ፣ «ይህች ሴትዮ እንዲህ ክፉ ናት እንዴ? ዓመት ሙሉ ደግ ትመስለኝ ነበር እኮ!» አሉ። ልጆቹ ሣቁ፤ እሳቸውም አብረው ሣቁ። ሲጨርሱ ዘወር ብለው ዕቃውን ተመለከቱና ዳንቴሉን ማን እንዳነሣው ጠየቁ።